ድርድርን ከመቃወም ወደ ድርድር፦ የአዳም ማሊክ ሕይወት ከአንታራ ዜና አገልግሎት እስከ ባንኮክ (1917–1984)

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ ኢንዶኔዥያዊው የነጻነት ታጋይ፣ የዜና ድርጅት መሥራችና ዲፕሎማት አዳም ማሊክ የተጓዙበትን የሕይወት ጎዳና ይመረምራል። መነሻ ጥያቄው አንድ ነው። በ1946 መንግሥታቸው ከኔዘርላንድ ጋር መደራደሩን ተቃውመው ለእስር የተዳረጉት ሰው፣ በኋላ የአገራቸው ዋና ተደራዳሪ የሆኑት አቋማቸውን ለውጠው ነው ወይስ ጠብቀው? ጽሑፉ የሕይወት ታሪካቸውን በቅደም ተከተል እያነሣ፣ በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ልዩነት የመርሕ ሳይሆን የአቅም መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ይኸው መመዘኛ የዲፕሎማትነታቸውን ትልቁን ውድቀት፣ ማለትም የምሥራቅ ቲሞርን ጉዳይ፣ ለመረዳት እንደሚያገለግልም ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ስለ ኢንዶኔዥያ የነጻነት ትግል ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት ሱካርኖና ሙሐመድ ሃታ ናቸው። ነጻነቱ ከታወጀ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የአገሪቱን ስም በዓለም አደባባይ ካስጠሩት መካከል ግን አዳም ማሊክ ከፊተኞቹ ረድፍ ይቆማሉ። ቁመታቸው አጭር፣ አካሄዳቸው ፈጣን በመሆኑ የአገራቸው ሰዎች በተረት ብልጠቱ በሚታወቀው ትንሽ የዱር እንስሳ ስም ካንቺል እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ስሙ ፍቅርም ትዝብትም አለበት። የወደዷቸው ብልህ ሲሏቸው፣ ያልወደዷቸው እንደ ነፋሱ የሚዞሩ አድርገው ይቆጥሯቸዋል።

የሕይወት ታሪካቸው ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ይሰጣል። ከግራ ዘመሙ ታን ማላካ ጎን ተሰልፈው ታግለዋል፤ ኮሚኒስቶችን ባጠፋው የሱሃርቶ መንግሥት ውስጥም አሥራ አንድ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። በሞስኮ አምባሳደር ነበሩ፤ ከዚያም ምዕራባውያን የሚተማመኑባቸው ሚኒስትር ሆኑ። እንዲህ ያለውን ሕይወት በአንድ ቃል ወላዋይነት ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ይሁንና ከወጣትነት ሥራቸው፣ ማለትም ከዜና ድርጅት መሥራችነታቸው፣ ተነሥተን ስንከተላቸው ሌላ መልክ ይታያል።

2. ልደት፣ ትምህርትና የመጀመሪያው እስር

አዳም ማሊክ ሐምሌ 22 ቀን 1917 በሰሜን ሱማትራ በምትገኘው በፔማታንግሲያንታር ከተማ ተወለዱ። ወገናቸው ከባታክ ሕዝብ የማንዳይሊንግ ነገድ ሲሆን የቤተሰባቸው ሐረግ ባቱባራ ይባላል። አባታቸው አብዱል ማሊክ የታወቁ ነጋዴ፣ እናታቸውም ሳላማህ ሉቢስ ነበሩ። ከአሥር ልጆች ሦስተኛው ናቸው። አካባቢው በዚያ ዘመን የትንባሆ፣ የጎማና የሻይ እርሻዎች የተስፋፉበት ነበር፤ መሬቱን የያዙት የውጭ ኩባንያዎች ሲሆኑ የጉልበት ሥራው በአብዛኛው ከጃቫ በመጡ ሠራተኞች ላይ ወድቋል። በእንዲህ ያለ ከተማ ለሚያድግ የነጋዴ ልጅ የቅኝ አገዛዝ ትርጉም ከደጃፉ የሚታይ ጉዳይ ነበር።

ትምህርታቸውን ለአገሬው ልጆች በተከፈተ የደች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀመሩ። ከዚያ በምዕራብ ሱማትራ በቡኪቲንጊ አጠገብ በሚገኝ እስላማዊ ትምህርት ቤት ለአጭር ጊዜ ቆይተው ወደ አባታቸው ሱቅ ተመለሱ። ከዚህ በላይ መደበኛ ትምህርት አልነበራቸውም። በኋላ በዩኒቨርሲቲ ከሠለጠኑ ዲፕሎማቶች ጋር ሲቀመጡ ስንቃቸው በሱቅ ውስጥ የተማሩት የመገበያየት ልምድና ያለማቋረጥ ያነበቡት መጽሐፍ ነበር።

ገና በ17 ዓመታቸው ፓርቲንዶ የተባለው ብሔርተኛ ፓርቲ የከተማቸው ቅርንጫፍ መሪ ሆኑ። የቅኝ ገዢው መንግሥት የፖለቲካ ስብሰባን በከለከለበት በዚያ ወቅት ክልከላውን በመጣሳቸው በፓዳንግ ሲዴምፑዋን ሁለት ወር ታሠሩ። ከእስር ሲወጡ በትውልድ ከተማቸው ብዙ አልቆዩም፤ ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ወደ ዋና ከተማዋ ባታቪያ፣ ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ አቀኑ።

3. አንታራ፦ ዜናን ከገዢው እጅ ማውጣት

በ1930ዎቹ በደች ምሥራቅ ኢንዲስ የዜና ሥራ በአኔታ እጅ ነበር። ይህ በ1917 የተቋቋመ የደች የዜና ድርጅት ከአውሮፓ የሚመጣውን ቴሌግራም ተቀብሎ ለጋዜጦች ያከፋፍላል፤ ከቅኝ ግዛቱ ወደ ውጭ የሚወጣውንም ወሬ ይይዛል። በማሌይ ቋንቋ የሚታተሙት የአገሬው ጋዜጦች ስለ ገዛ ደሴቶቻቸው የሚጽፉት ሳይቀር በገዢው ወንፊት ያለፈ ነበር። ጋዜጣ ማቋቋም ለአንድ ከተማ አንባቢ ድምፅ ይሰጣል፤ የዜና አገልግሎት ማቋቋም ግን በየደሴቱ ለሚታተሙ ጋዜጦች ሁሉ አንድ የጋራ ምንጭ መክፈት ነው። ለብሔርተኞቹ ወጣቶች ይህ ልዩነት ግልጽ ነበር።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1937 አራት ወጣቶች፣ ማለትም ሱማናንግ፣ ሲፓሁታር፣ ፓንዱ ካርታዊጉናና አዳም ማሊክ፣ የአንታራን ዜና አገልግሎት በባታቪያ መሠረቱ። ስሙ በቋንቋቸው መካከል ማለት ነው። ንብረታቸው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና አንድ ያረጀ የማባዣ መሣሪያ ብቻ ነበር። ዜናው በጽሕፈት መኪና ይጻፋል፤ በማባዣው ይባዛል፤ ከዚያም ለጋዜጦች ይታደላል። በዕድሜ ትንሹ አዳም ማሊክ ሲሆኑ ያን ጊዜ ሃያ ዓመታቸው ነበር።

አንታራ እንደ ንግድ ድርጅት ሲታይ እጅግ ደካማ ነበር፤ ደንበኞቹ የአገሬው ጋዜጦች ራሳቸው በገንዘብ የተቸገሩ ነበሩና። ድርጅቱ ግን ገንዘብ ሊገዛው የማይችለውን ሁለት ነገር አተረፈ። የመጀመሪያው የሰው መረብ ነው፤ በየከተማው ወሬ የሚልኩና የሚቀበሉ፣ እርስ በርስ የሚተማመኑ ወጣቶች ተገናኙ። ሁለተኛው የሙያ ልማድ ነው፤ አዳም ማሊክ አንድን ሁኔታ ከመወሰን በፊት ማን ምን እንደያዘ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ አጣርቶ ማወቅን የተማሩት እዚህ ነው። በ1942 ጃፓኖች ደሴቶቹን ሲይዙ አንታራ ዶሜይ በተባለው የጃፓን ዜና ድርጅት ተዋጠ። ሠራተኞቹ ግን አልተበተኑም፤ በአዲሱ ጌታ ጣሪያ ሥር ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚሁ ዓመት አዳም ማሊክ ከኔሊ ኢሊያስ ጋር ትዳር መሠረቱ።

4. የነጻነት አዋጅና የ1946 እስር

የመረቡ ጥቅም በነሐሴ 1945 ታየ። ጃፓን እጅ መስጠቷ እንደ ተሰማ ወጣቶቹ፣ ማለትም ቻይሩል ሳሌህ፣ ሱካርኒ፣ ዊካናና አዳም ማሊክ የነበሩበት ቡድን፣ ነጻነት የጃፓን ስጦታ ሆኖ እንዳይታይ ሳይዘገይ እንዲታወጅ ጠየቁ። ሱካርኖና ሃታ ሲያመነቱ ነሐሴ 16 ቀን ከጃካርታ ወደ ሬንጋስዴንግክሎክ ወሰዷቸው። በማግስቱ ጠዋት አዋጁ በጃካርታ ተነበበ። በሥፍራው የነበረው ሕዝብ ጥቂት ነበር፤ የሬድዮ ጣቢያውና የቴሌግራሙ መሥመር በጃፓኖች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። አዳም ማሊክ ከተደበቁበት ቤት የአዋጁን ቃል በስልክ አስተላለፉ፤ በዶሜይ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ የአንታራ ባልደረቦችም ከተለመደው ዜና መካከል አስገብተው ላኩት። አዋጁ ከጃካርታ ውጭ የተሰማው በእንዲህ ያለ ብልሃት ነበር።

አዲሲቱ ሪፐብሊክ ስትቋቋም አዳም ማሊክ በጊዜያዊው ምክር ቤት፣ በማዕከላዊው ብሔራዊ ኮሚቴ፣ ሦስተኛ ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ። ወዲያው ግን ትልቁ ክርክር ተነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሱታን ሻህሪር የዓለምን ዕውቅና ለማግኘት ከኔዘርላንድ ጋር መደራደር ግድ ነው ብለው አመኑ። ታን ማላካ ደግሞ ሙሉ ነጻነት ሳይታወቅ፣ የውጭ ጦርም ከአገር ሳይወጣ፣ የድርድር ጠረጴዛ መቅረብ ሽንፈትን መቀበል ነው አሉ። በጥር 1946 ይህን አቋም የያዙ ድርጅቶች የትግል አንድነት በተባለ ኅብረት ተሰባሰቡ፤ አዳም ማሊክም ከግንባር ቀደም መሪዎቹ አንዱ ነበሩ። መንግሥት የኅብረቱን መሪዎች ማሠር ጀመረ። በልጅነታቸው በደች እስር ቤት የገቡት አዳም ማሊክ በዚህ ዓመት በገዛ ሪፐብሊካቸው እስር ቤት ገቡ።

ያን ጊዜ የተቃወሙት ምንን እንደ ነበር በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። ክርክሩ መነጋገር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አልነበረም። ጥያቄው የእንግሊዝና የደች ጦር በምድራችን ላይ ቆሞ፣ ከተሞቻችንም በእጁ ሳሉ፣ የምንነጋገረው ምን ይዘን ነው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ የተፈረሙት የሊንጋርጃቲና የሬንቪል ስምምነቶች በ1947ና በ1948 በተካሄዱ የደች ጦር ዘመቻዎች ሲፈርሱ ተቃዋሚዎቹ ሥጋታችን ደረሰ ለማለት በቂ ምክንያት አገኙ። በሌላ በኩል ኔዘርላንድ በታኅሣሥ 1949 ሉዓላዊነትን ያስረከበችው በጦር ሜዳ ውጊያ ብቻ ሳይሆን በተባበሩት መንግሥታት በተደረገ የዲፕሎማሲ ግፊትም ስለ ነበር፣ ሻህሪርም ፍጹም ተሳስተው ነበር ማለት አይቻልም። አዳም ማሊክ ከሁለቱም ወገን ተምረዋል ብሎ መደምደም ያስኬዳል።

5. ከሞስኮ እስከ ሚድልበርግ

አዳም ማሊክ በኅዳር 1948 የታን ማላካ ተከታዮች ካቋቋሙት የሙርባ ፓርቲ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። ፓርቲው በ1955 ምርጫ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያገኘ ትንሽ ድርጅት ቢሆንም መሪዎቹ ለሱካርኖ ቅርብ ነበሩ። በ1959 አዳም ማሊክ በሶቪየት ኅብረትና በፖላንድ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። በዚያ የሥራ ዘመናቸው ኢንዶኔዥያ ከሞስኮ ከፍተኛ መጠን ያለው የጦር መሣሪያ ገዛች። ዓላማው በ1949 ከርክክቡ ውጭ የቀረውንና ኔዘርላንድ አለቅም ያለችውን ምዕራብ ኒው ጊኒን ማስመለስ ነበር።

በመጋቢት 1962 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በሚድልበርግ አጠገብ፣ በአሜሪካዊው ዲፕሎማት ኤልስዎርዝ በንከር አደራዳሪነት ምስጢራዊ ንግግር ተጀመረ። የደች ወገን መሪ ፋን ሮይየን፣ የኢንዶኔዥያው ደግሞ አዳም ማሊክ ነበሩ። ንግግሩ ብዙም ሳይራመድ ተቋረጠ፤ በሐምሌ ቀጠለ፤ ነሐሴ 15 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ስምምነት ተደመደመ። ግዛቱ በመጀመሪያ ለተባበሩት መንግሥታት ጊዜያዊ አስተዳደር፣ ከዚያም በግንቦት 1963 ለኢንዶኔዥያ ተላለፈ።

የ1946ቱ ተቃዋሚ ከኔዘርላንድ ተወካይ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የተነጋገሩት በዚህ ጊዜ ነው። ለውጡን የሚያስረዳው ነገር በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሚዛን ነው። በ1946 ሪፐብሊኩ ባዶ እጁን ነበር። በ1962 ግን በአንድ በኩል የሶቪየት መሣሪያ የታጠቀ ጦር ነበረው፤ በሌላ በኩል አሜሪካ ኢንዶኔዥያ ወደ ሞስኮ እንዳታዘነብል በመፍራት በኔዘርላንድ ላይ ግፊት ታደርግ ነበር። አዳም ማሊክ የሁለቱን ኃያላን ፍላጎት ያውቁ ነበር፤ ያንን ዕውቀት ወደ ጠረጴዛው ይዘው ቀረቡ። ነገር ግን በዚህ ስምምነት የግዛቱ ነዋሪዎች ፓፑዋውያን ተደራዳሪ አልነበሩም። ሕዝቡ ዕድሉን እንዲወስን ቃል የተገባለት ምርጫ በ1969 ሲካሄድ ድምፅ የሰጡት ከ1,000 ጥቂት የሚበልጡ የተመረጡ ተወካዮች ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ከኢንዶኔዥያ ጋር መኖርን እንደ መረጡ ተነገረ። ያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አዳም ማሊክ ነበሩ።

6. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት

በ1963 የንግድ ሚኒስትር ሆነው ወደ አገራቸው የተመለሱት አዳም ማሊክ ያገኙት በኮሚኒስት ፓርቲውና በጦር ሠራዊቱ መካከል የተወጠረ አገር ነበር። ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር በነበራቸው ጠብ ሙርባ በ1965 ታገደ። በዚሁ ዓመት በመስከረም መጨረሻ በከፍተኛ የጦር መኮንኖች ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ ሠራዊቱ የበላይነቱን ያዘ፤ በመላ አገሪቱም ኮሚኒስት ናቸው በተባሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ላይ እልቂት ወረደ። በመጋቢት 1966 ሥልጣን ወደ ሱሃርቶ ሲሸጋገር አዲሱን መንግሥት ከጄኔራሉና ከዮግያካርታው ሱልጣን ከሃመንግኩቡዎኖ ዘጠነኛ ጋር በሦስትነት የሚመሩት አዳም ማሊክ ሆኑ። የመንግሥቱ ገጽ በዓለም ፊት የተወደደ እንዲሆን የደከሙትን ያህል የዚያ ደም ጥላ አብሯቸው መኖሩን መዘንጋት አይገባም።

በውጭ ጉዳይ ሥራቸው ፍሬው ፈጥኖ ታየ። ሱካርኖ የማሌዥያን መመሥረት በመቃወም የጀመሩት ግጭት ነሐሴ 11 ቀን 1966 አዳም ማሊክና የማሌዥያው ቱን አብዱል ራዛክ በጃካርታ በፈረሙት ስምምነት ተዘጋ። በመስከረም ወር ኢንዶኔዥያ በ1965 ጥላው ወደ ወጣችው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተመለሰች። ነሐሴ 8 ቀን 1967 ደግሞ የኢንዶኔዥያ፣ የማሌዥያ፣ የፊሊፒንስ፣ የሲንጋፖርና የታይላንድ ተወካዮች በባንኮክ ተገናኝተው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮችን ማኅበር መሠረቱ። ከዓመት በፊት ጦር ይማዘዙ የነበሩ ጎረቤቶች በአንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ። በሕዝብ ብዛት ከሁሉ የምትበልጠው ኢንዶኔዥያ ከአራቱ ጋር እኩል ሆና መቀመጧ ለሌሎቹ ዋስትና ነበር፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ ጸንቷል።

በመስከረም 1971 አዳም ማሊክ የተባበሩት መንግሥታት 26ኛ ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። የጉባኤው ታላቅ ጉዳይ የቻይና መቀመጫ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን ጉባኤው በ76 ድጋፍ፣ በ35 ተቃውሞና በ17 ድምፀ ተአቅቦ መቀመጫው ለቤጂንግ መንግሥት እንዲሰጥ ወሰነ። ኢትዮጵያ ከደጋፊዎቹ አንዷ ስትሆን፣ ከ1967 ጀምሮ ከቤጂንግ ጋር ግንኙነቷን ያቋረጠችው ኢንዶኔዥያ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። ፕሬዚዳንቱ የገዛ አገራቸው ያልደገፈችውን ውሳኔ በወንበራቸው ተቀምጠው አስፈጸሙ። የመካከለኛነት ሥራቸው ከዚህ በላይ የተፈተነበት መድረክ ካለ የሚከተለው ነው።

7. ምሥራቅ ቲሞር፦ የቃልና የአቅም ልዩነት

በሚያዝያ 1974 በፖርቱጋል መንግሥት ሲገለበጥ የምሥራቅ ቲሞር የነጻነት ጥያቄ ተነሣ። በሰኔ ወር ወጣቱ የቲሞር ፖለቲከኛ ዦዜ ራሞስ ሆርታ ወደ ጃካርታ መጥቶ ከአዳም ማሊክ ጋር ተገናኘ። ሚኒስትሩ ሰኔ 17 ቀን በጻፉለት ደብዳቤ ነጻነት የማንኛውም ሕዝብ መብት መሆኑን፣ ኢንዶኔዥያም ግዛቷን የማስፋት ፍላጎት እንደሌላት አረጋገጡለት። በቅኝ ግዛት ሥር ያደጉ፣ ለነጻነት የታሠሩ ሰው የጻፉት በመሆኑ ደብዳቤው ክብደት ነበረው።

ውሳኔው ግን በእርሳቸው እጅ አልነበረም። የቲሞርን ጉዳይ ይመሩ የነበሩት የሠራዊቱና የስለላው ጄኔራሎች ናቸው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1975 የኢንዶኔዥያ ጦር ምሥራቅ ቲሞርን ወረረ። የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ወር ጦሩ እንዲወጣ ቢወስንም አልወጣም፤ ወረራው እስከ 1999 የዘለቀና እጅግ ብዙ ሕይወት ያጠፋ ሆነ። አዳም ማሊክ ከሥልጣን አልለቀቁም። ያንን ደብዳቤ የጻፈ እጅ ወረራውን በዓለም ፊት ሲከላከል ቆየ። ባዶ እጅን ይዞ ጠረጴዛ መቅረብ ሽንፈት ነው የሚለው የወጣትነት ትምህርታቸው በዚህ በተገላቢጦሽ ደረሰባቸው። በ1946 ባዶ እጁን የነበረው ሪፐብሊኩ ነው፤ በ1975 ባዶ እጃቸውን የነበሩት በገዛ መንግሥታቸው ውስጥ ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው።

8. የመጨረሻ ዓመታትና ማጠቃለያ

በ1977 የምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ከ1978 እስከ 1983 ደግሞ የኢንዶኔዥያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚህ ሹመት ሥልጣናቸው ውሱን ነበር፤ ቢሆንም በመንግሥት ቢሮዎች የሰፈነውን የጌታና የሎሌ ልማድ በይፋ ከመንቀፍ አልታቀቡም። መስከረም 5 ቀን 1984 በጉበት ካንሰር በባንዱንግ አረፉ፤ በጃካርታ የካሊባታ የጀግኖች መካነ መቃብርም ተቀበሩ። በ1998 መንግሥት ብሔራዊ ጀግና ብሎ ሰየማቸው። የጃካርታ መኖሪያቸው ከነሰበሰቧቸው የሸክላ ቅርሶች ሙዚየም ሆኖ ከቆየ በኋላ ተዘግቷል። አንታራ ግን ከ1962 ጀምሮ የመንግሥት ተቋም ሆኖ ዛሬም የአገሪቱ ዋና የዜና ምንጭ ነው።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ አዳም ማሊክ በ1946 እና በ1962 የተመሩት በአንድ መመዘኛ ነው ማለት ይቻላል። ተደራዳሪ የሚመዘነው በእጁ ባለው አቅምና ስለ ሌላው ወገን ባለው ዕውቀት ነው። ዕውቀቱን ከአንታራ ጠባብ ክፍል ይዘው ወጡ፤ አቅሙን ደግሞ አገራቸው በየጊዜው በነበራት ኃይል ለኩት። ይህ መመዘኛ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። በ1962 ስምምነት የተዋዋሉበት ሕዝብ ፈቃድ በሚዛኑ አልገባም፤ በ1974 ደብዳቤ ደግሞ ቃል የሰጠው ሰው ቃሉን ለመፈጸም ሥልጣን እንዳለው አልተመዘነም። ስለዚህ ታሪካቸውን ወላዋይ ወይም ጀግና በሚል አንድ ቃል ከመደምደም ይልቅ፣ ለትናንሽ አገሮች ዲፕሎማሲ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አድርጎ ማቆየት ይበልጥ ይጠቅማል። በስሙ ቃል የሚሰጥ መንግሥት ሲገጥመን ልንጠይቅ የሚገባን ቃሉን የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ቆሞ የሚወስነው ማን እንደ ሆነም ጭምር ነው።